ሸራ የተዘረጋበት ቤት

እኔ ቁጡ ነኝ። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። ቃሊቲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሰፈራችን መጥታችሁ «የመሰለች ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ «ጩኸት እስክትሰሙ ድረስ ዝም ብላችሁ ሂዱ» ይሏችኋል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ እኮ ስትመርቂም ሰው ይደነግጣል» ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እየጮኸብኝ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። እዚያ ቤት በለሆሳስ ለተናገረ ሰው መልስ የሚሰጠው አልነበረም።

ከቤቴ በር ፊት ለፊት የሱፍያን ሱቅ አለ። ሱፍያን የስልጤ ልጅ ነው፤ ሱቁን ከአጎቱ ተረክቦ ማልዶ የሚከፍት፣ አምሽቶ የሚዘጋ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። በጥር ወር አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት፣ በሱቁ በረንዳ ላይ አንዲት ሴት የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፋ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ ጉልበቷን ተንተርሳ ተኝታለች። ሱፍያን እንደ ወትሮው ሱቁን ከፍቶ ስኳር ይመዝናል። ተነሺ አላላትም።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አልኩት።

«ከጦርነቱ ሸሽታ የመጣች ናት፣ እትዬ መሰለች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የምትሄድበት የላትም። ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው።»

ትንሽ ትረፍ የተባለው ነገር እስከ ሰኔ ሄደ።

ስሟ አማረች ነው። የመጣችው ከቆቦ ወዲያ ካለች አንዲት የገጠር መንደር ነው። ታሪኳን ባንድ ጊዜ አልነገረችኝም፤ ዛሬ ቁራጭ፣ ነገ ቁራጭ እያደረገች ነው ያወጣችው። ተኩሱ መንደራቸው ሲደርስ ባሏ አሻግሬ እሷንና ልጆቹን እስከ አስፋልቱ ድረስ አመጣቸው። ከዚያ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እናቴን ይዤ እደርሳለሁ» ብሏት ተመለሰ። እናቱ እግራቸው አይሄድም፤ አዝሎ ሊያመጣቸው ነው። እሷ ያገኘችው መኪና ላይ ተሳፍራ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ገባች። ስልኳን ደሴ ላይ ሸጣ ልጆቿን አበላችበት። ስለዚህ አሻግሬ ቢተርፍ የት እንዳለች አያውቅም፤ ባይተርፍም መጥቶ የሚነግራት የለም። «ይመጣል። ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም» ትለኛለች። እኔም «እስቲ እግዜር ያውቃል» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

እኔና እሷን ያጣላን ጭስ ነው። ጠዋት ጠዋት ካርቶንና ስንጥር አንድዳ ለልጆቹ አጥሚት ታፈላለች። በረንዳው ላይ እሳት ማንደድ ስለማይሆንላት መንገዱን ተሻግራ እኔ ግድግዳ ጥግ፣ ነፋስ በማያገኘው በኩል ጉልቻ ትጎልታለች። ለፋሲካ ኖራ ያስቀባሁት ግድግዳ የማድቤት ጣሪያ መሰለ። «አንቺ! ይሄ ግድግዳ ምን በደለሽ?» እያልኩ እወጣለሁ። እሷ ተሯሩጣ እሳቱን ታጠፋና «ይቅር ይበሉኝ እትዬ» ትላለች። በማግስቱ እዚያው ናት፤ ሌላ ቦታ የላትማ። እኔም እንደገና እጮሃለሁ። ከጮህኩ በኋላ ደግሞ አንጀቴ አይችልም፣ ማታ ማታ ሳህን ይዤ እወጣለሁ። «ያደረ ሽሮ ነው። ብትበዪ ብዪ፣ ባትበዪ ለውሻ ስጪው» ብዬ አስቀምጥላታለሁ። ሽሮው ገና ከምድጃ መውረዱ ነው፣ እንፋሎቱ ይታያል። ሱፍያን ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ይስቅብኛል።

ሰኔ ሲገባ ግን ሳቅ ቀረ። ዝናቡ ጀመረ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ከመንገዱ ላይ ያለውን ውሃ እያነሳ በረንዳው ላይ ይደፋዋል። ሕፃኑ፣ ወንድዬ ነው ስሙ፣ ሳል ያዘው፤ ሲስል ከቤቴ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። በዚህ ላይ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና የሱፍያን በረንዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። ሱቁ ይቀራል፣ በረንዳው ይፈርሳል፤ ቀኑም ሰኞ ነው ተባለ። ሱፍያን ይህን ለአማረች የሚነግርበት አንደበት አጣ። ቀለሙን ስታየው «ምንድነው?» ብትለው «እንጃ፣ ለቁጥር ነው መሰለኝ» አላት።

ነገሩ የተነሳው በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነው። ሱፍያን ተነስቶ «በረንዳዬ ሲፈርስ ይቺ ሴት የት ትውደቅ?» አለ። አንዱ «ወረዳ ሄዳ ታመልክት» አለ። ሌላው «ዛሬ ለአንዷ ቦታ ብንሰጥ ነገ መቶ ሆነው ይመጣሉ» አለ። ይሄኔ ደሜ ፈላ። «መቶዎቹ እስኪመጡ ለአንዷ እንስጣ! እኔ ጓሮ ሰርቪስ ቤት አለኝ፤ የባለቤቴ አሮጌ ጎማና ብረታ ብረት ነው የተጋደመበት! ጎማ ቤት እያለው ሰው በረንዳ ያድራል?» ብዬ ጮህኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የተናገረው አፌ ነው እንጂ እኔ ገና አላሰብኩበትም ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ደግሞ ተናግሬ ስጨርስ ልቤ ቅልል አለኝ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው። በባቡር ድርጅት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እያንዳንዱን ቃል አስበው የሚናገሩ፣ እርጋታቸው እኔን የሚያንገበግበኝ ሽማግሌ ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉና ሥራውን አከፋፈሉን። ጎማውን ጎረምሶች አወጡልኝ። ሱፍያን ፍራሽ አመጣ። ብርድ ልብስ የሰጠ አለ፣ ድስት የሰጠ አለ፣ የልጅ ጫማ ሳይቀር መጣ። ችግር የሆነው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል፤ በዝናብ ወራት ደግሞ ቆርቆሮ ማን ይመታል? ጋሽ ወልደሰንበት አሰቡ፣ አሰቡና «የእድሩ አሮጌ ድንኳን አለ። ሸራውን ከላይ እንዘርጋበት፣ ክረምቱን ያሻግራታል» አሉ። ሸራው ከጣሪያው አልፎ እስከ ግቢዬ በር ድረስ ተዘረጋ። ከሥሩ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ደረደርን፤ ቤቱን ሊመርቅ የሚመጣ ሰው ይቀመጥበት ብለን።

በድብቅ ይሁን ያለችው እታገኝ ናት። እታገኝ የእድራችን የሴቶች ኃላፊ ናት፤ ደግ ናት፣ ግን እንባዋ ከዓይኗ ጫፍ ርቆ አያውቅም። ሠርግ ላይ ታለቅሳለች፣ ክርስትና ላይ ታለቅሳለች። «ሳታስበው ድንገት ብናስገባት ደስታዋ ልዩ ነው» ስትል ሁላችንም እሺ አልን። የጓሮ በር ስላለኝ ሥራውን ሁሉ በዚያ በኩል ሠራነው፤ ሸራውን የዘረጋነውም ቅዳሜ እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ ነው፤ ማታ ስትመለስ ጨልሟል፣ በሬም ተዘግቷል። እሷ ቀን ቀን ከመጋዘኖቹ ባንዱ ሽንኩርት ስትለቅም ውላ ነው የምትመለሰው።

ምስጢር መጠበቅ ግን ለእኛ ሰፈር አልተሰጠም። አማረች ስታልፍ ቆመን የምናወራው ወሬያችንን ቆርጠን ዝም እንላለን። ሱፍያን ዳቦ በነጻ ይሰጣትና ዓይኗን ላለማየት ወደ መደርደሪያው ይዞራል። እታገኝ መንገድ ላይ ስታገኛት እቅፍ አድርጋ ስማት፣ ዓይኗን እየጠረገች ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ከተናገርኩ ሁሉን እንደምዘረግፈው ስለማውቅ አፌን ዘጋሁ። አንድ ጠዋት ግድግዳዬን በጭስ እያጠነችው ደርሼባት «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ» ብዬ አለፍኩ። እሳቱን ለማጥፋት ያነሳችውን ውሃ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ደረሰ። እሑድም ቢሆን ማልዳ ነው የምትወጣው፤ ሽንኩርት ከሚራገፍበት ቀድሞ ያልደረሰ ሥራ አያገኝም። ስለዚህ ኪዳን አድርሰን ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣን። ካፊያ ነበር፣ ብርድ ነበር። እኔና እታገኝ ነጠላችንን እስከ ጆሯችን ተከናንበናል። ጋሽ ወልደሰንበት ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። ከኋላችን ሌሎች የእድር ሰዎች አሉ። ሱፍያን ሱቁን አልከፈተም፤ በተዘጋው በር ተደግፎ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በረንዳው ሊፈርስ መሆኑን ደብቋት ስለከረመ አፍሮ ነው። እታገኝ ደግሞ ትንሿ ልጅ ሉላ እንዳትረብሽ ብላ ቀድማ የራሷን ልጅ ልካ፣ ለቁርስ ወደ ቤቷ አስወስዳታለች።

አማረች ወንድዬን አዝላ ልትወጣ መቀነቷን እያሰረች ነበር። መምጣታችንን ስታይ እጇ መቀነቱ ላይ ቆመ። አንድ በአንድ አየችን።

«ሉላ የታለች?» አለች። ቅድም ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ስትመለስ አጥታታለች።

«ልጅቷን አታስቢ፣ ከሰው ጋር ናት» አለች እታገኝ። ከአሁኑ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ የደስታ እንባዋን መያዝ አቅቷት ነው።

ጋሽ ወልደሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አማረች ልጄ፣ በርቺ። ነይ፣ ቤት እንግባና እንነጋገር።»

አማረች ከትከሻቸው በላይ ወደ እኔ በር አየች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሸራው ተዘርግቷል። ከሥሩ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል።

«አሻግሬ!» ብላ ጮኸች።

እንዲያ ያለ ጩኸት በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሰው እንዲያስረዳኝ አያስፈልገኝም። በጉልበቷ ተንበረከከች። «አሻግሬ! ጋሻዬ! በወጣህበት ቀረህ ወይ! ማን ቀበረህ ወይ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ወንድዬ ከጀርባዋ ላይ አብሮ ይጮሃል።

ያን ጊዜ ነው ያደረግነው ሁሉ የታየኝ። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ለባለሐዘኗ በቀጥታ አይነገራትም። ቀድሞ የሰማው ሰው በእሷ ፊት ወሬ ይቆርጣል፣ ዓይኗን ይሸሻል፣ ያለወትሮው ይሰጣታል፣ ያለወትሮው ይስማታል። ልጆቿን ከአጠገቧ ዘወር ያደርጋሉ። ድንኳን ይዘጋጃል፣ ወንበር ይደረደራል። ከዚያ በማለዳ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ተከትለው ይመጣሉ። «ቤት እንግባ» ይሏታል። እኛ ሞኞቹ ቤት ልንሰጣት ብለን አንድም ሳይቀረን የመርዶውን ሥርዓት ሁሉ አሟልተን ነው የመጣነው። የጎደለን የሞተ ሰው ብቻ ነው።

«ኧረ አይደለም! ማንም አልሞተም!» አልኩ። ማን ይሰማኛል? ከአጠገቤ እታገኝ ቀድማኝ «ውይ የኔ እናት! ውይ የኔ ምስኪን!» እያለች እንባዋን ታወርደዋለች። ማንም አለመሞቱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ግን እያለቀሰ ያለ ሰው አይታ ዝም ማለት አልተፈጠረባትም። እሷን ያየችው ጎረቤት አለቀሰች፤ ጎረቤቷን ያየች ሌላዋ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሁሉም የየራሱን ሙት እያነሳ ነው። መንገደኛ ቆመ። ከአጥር ማዶ ነጠላ እየለበሱ የሚመጡ ታዩ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ ቢራ የሚባለው፣ ሸራውን ከሩቅ አይቶ ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ እየሮጠ ደረሰ። «ምነው ሳይነገረኝ! የሟች ስም ማን ልበል?» አለኝ።

«ሂድ ከዚህ!» አልኩት።

ጋሽ ወልደሰንበት ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ተረጋጊ። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም» አሏት።

አማረች ቀና ብላ አየቻቸው። «አባቴ የሞተ ዕለትም ምንም አልተፈጠረም ነበር ያሉኝ፣ አባባ» አለች። «ትንሽ አሞታል ብለው ነው ወስደው ከድንኳን ያገቡኝ።»

እውነቷን ነው፤ መርዶ ነጋሪ ሲጀምር የሚለው እሱኑ ነው። «የመጣነው ቤት ልንሰጥሽ ነው» ስንላት ባሰባት። «ስድስት ወር ሙሉ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅብኝ ያላሰባችሁትን፣ ዛሬ ምን ሰምታችሁ ነው ቤት የምትሰጡኝ?» አለችን። ሱፍያን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ክንዷን ይዘን ወደ ቤቱ ልንወስዳት ስንል የበረንዳውን ቋሚ እንጨት አቅፋ ያዘች። «አልገባም! ያንን ደጅ ከረገጥኩ አሻግሬ ሞተ ማለት ነው። እዚሁ ልሁን። እዚህ ስሆን እሱ በመንገድ ነው» አለች። በረንዳው ከሁለት ወገን ያፈሳል። ቀዩ ምልክት ከራሷ በላይ አለ። ነገ ይሄ እንጨት ራሱ አይኖርም። ወንድዬ ተነክሯል፣ ይስላል፣ ስሎ ስሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። እሷ ግን አትሰማውም። እንጨቷን ይዛ ትወዛወዛለች። እታገኝ ታለቅሳለች። ሽማግሌው ያስባሉ። ያ ልጅ እጃችን ላይ ሊያልፍ ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«አንቺ!» አልኩ። የፋብሪካውን ድምፄን ነው ያወጣሁት። «አንቺ ልበ ደረቅ! ይሄን ልጅ ልትገድይው ነው? ሳሉ አይሰማሽም? ሙት ፍለጋ አስፋልት ለአስፋልት ትጮሂያለሽ፣ በቁሙ ያለው ጀርባሽ ላይ ታንቆ ሊሞትብሽ ነው! ደግሞ ቤት ሲሰጧት መምረጥ! ግድግዳዬን ከሰል አድርገሽ፣ ባልዲዬን ተውሰሽ አልመልስ ብለሽ፣ እኔ ያንን ሁሉ ጎማ ወገቤ እስኪቆረጥ አስወጥቼ፣ አሁን ደግሞ በር ላይ ቆመሽ ታስለምኚኛለሽ? ባልሽ መጥቶ ይሄን ቢያይ እኔን ነው እንዴ የሚጠይቀኝ? ተነሺ ከዚህ!»

ለቅሶው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ። እታገኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «መሰለች! በማርያም! ለቅሶ ላይ?» አለች።

«የምን ለቅሶ! ዝም በይ አንቺ ደግሞ!» አልኳት።

አማረች እንጨቱን እንዳቀፈች አንገቷን አዙራ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፣ ግን አሁን ያያል።

«እትዬ» አለች። «እየተቆጡኝ ነው?»

«እና ልስምሽ ኖሯል?»

«አንቱ... ባሏ የሞተባትን ሴት ይቆጣሉ?»

ይሄን ስትል ነገሩ ገባኝ። «ምን በወጣኝ!» አልኩ። «ቁጡ ብሆን ሰው አይደለሁም እንዴ? ባል የሞተባት ሴት ላይ ማን ይጮሃል? እንዲያ ያለ ሰው አለ?»

«የለም» አለች ለራሷ። «እንዲያ ያለስ የለም።» ዙሪያውን አየች፤ ጋሽ ወልደሰንበትን፣ ሱፍያንን፣ የቢራን ጥሩምባ። ሱፍያን «እውነቷን ነው» ለማለት ራሱን ነቀነቀላት። እንደገና ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ ደግመው ይቆጡኝ» አለች።

በሕይወቴ ቁጣ አልመጣም ብሎኝ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን አልመጣም አለኝ። እንደዚያ እያየችኝ ምኗን ልቆጣ? ብቻ ልጁ ሳለ። «ባልዲዬን!» ብዬ ጮህኩ። «ባልዲዬን የት አደረስሽው? ዛሬ ሳትመልሺ ብትውዪ ወየውልሽ!» እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል፤ ደግነቱ ዝናቡ ሸፈነልኝ።

አማረች እንጨቱን ለቀቀች። ከማዳበሪያ ከረጢቱ አጠገብ ባልዲዬን አነሳችና በእጇ ይዛ፣ ልጇን አዝላ፣ መንገዱን ተሻገረች። ከሸራው ሥር ገባች። ደፍ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለችና ቀኝ እግሯን አስቀደመች።

ወንድዬን አድርቀን፣ ደረቅ ልብስ አልብሰን፣ ሱፍያን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ሳንባውን ብርድ መትቶታል ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጠው፣ ዳነልን። ሉላ ቁርሷን በልታ ስትመለስ የምትተኛበትን ፍራሽ አይታ ስትዘልበት ዋለች። ለለቅሶ ብለው ዳቦ ይዘው የመጡ ጎረቤቶች ይዘው መመለሱ ስላሳፈራቸው ቁጭ ብለው ቤት መረቁበት። ቢራ ብቻ ተቀየመኝ፤ እስካሁን ሲያየኝ ጥሩምባውን ወደ ኋላው ይደብቃል። ሰኞ ደግሞ እንደተባለው በረንዳው ፈረሰ።

አማረች ስለዚያ ማለዳ ሳታነሳ ቆየች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸራው ሥር ተቀምጠን ምስር እየለቀምን ሳለ፣ እጇን ሳታቆም ጀመረች።

«እትዬ፣ ወደ ቆቦ ጭነት የሚጭን ሹፌር አግኝቻለሁ። የመንደራችንን ሰው ካገኘ እንዲነግርልኝ የአንቱን ስልክ ልስጠው?»

«ስጪው። መች ከለከልኩሽ?»

«የሰሙት ነገር ካለ በአንቱ ስልክ ይደውላሉ ማለት ነው።» አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች። «እኔ እዚህ አገር ወገን የለኝም። መርዶ ሲመጣ ወገን ነው ቀድሞ የሚሰማልህ። ክፉውን ከሰሙ፣ ሽማግሌ አይላኩብኝ፣ ድንኳን አይዘርጉ። ራስዎ ይንገሩኝ። ከሌላ ሰው አፍ አልፈልገውም።»

ምስሩን ለቀምኩ። ደህና የነበረውን ሁሉ ከጠጠሩ ጋር ስጥለው ቆይቻለሁ። ልጅ አልወለድኩም፤ እህቶቼም የየራሳቸው ኑሮ አላቸው። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ሐዘኑን እንዲህ አደራ ብሎ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

«እሺ» አልኳት። «አሁን ምስሩን በደንብ ልቀሚ።»

ከዚያ ወዲህ በማላውቀው ቁጥር ስልኬ ሲጮህ፣ አማረች የያዘችውን ትታ ቀጥ ትላለች። እኔ ስልኩን ይዤ ከግቢ እወጣለሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆሜ አነሳለሁ። እስካሁን የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ የባንክ ማስታወቂያ ነው፣ የእህቴ ልጅ ስልክ ቀይሮ ነው። ስመለስ ገና ከበሩ «አንቺ! ይሄ ጀሪካን መንገድ ላይ ምን ይሠራል?» ብዬ እጮሃለሁ። ጀሪካን ባይኖርም እጮሃለሁ። እሷም በረጅሙ ትተነፍስና «ይቅር ይበሉኝ እትዬ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።